የፎርማኑ ሆድ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ስትደውል ባለቤትህ «ወጣለት፣ ወጣለት» እያለች ስትጮህ፣ እኔም ከኋላዋ ስስቅ ሰማህ። «ማን ነው የወጣው? ከየት ነው የወጣው?» እያልክ ሳለ መስመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ አልደወልክም። ምናልባት ለመደወል የምትወጣበት የውሃ ታንከር አናት ላይም ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል። ወይም ሰው ከእስር የተፈታ መስሎህ፣ «ብቻ ደስ ብሏቸዋል» ብለህ ወደ ብየዳህ ተመልሰህ ይሆናል። ለካምፓችሁ ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ነገ ይነሣል ስላሉኝ የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። «ሁሉ ሰላም ነው» ብዬ ያልጀመርኩበትን ምክንያት ስትጨርሰው ታገኘዋለህ።

የወጣለት ልጅህ ነው፤ የወጣውም ሰገራው ነው። አባቴ አርጅቶ ነውር ረሳ እንዳትል። እዚህ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ስትደውል «ሁሉ ሰላም?» ትላለህ፣ እኛም ስልኩን እየተቀባበልን «ሰላም» እንላለን፣ ከዚያ አንተ ስለ በረሃው ሙቀት ትነግረናለህ፣ ያልቃል። የሕፃን ሆድ ድርቀት በዚያ መሀል የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ ነው እስካሁን ያልደረሰህ።

ልጁን ያየኸው በፎቶ ብቻ ስለሆነ በቅድሚያ ላስተዋውቅህ። እኔ ፎርማን እለዋለሁ። እሱ ምንም አይሠራም፤ ይጮሃል፣ እኛ እንሮጣለን። ሲያሰኘው በሥራ ሰዓት ይተኛል። ሲነቃ ደግሞ ግድግዳው የተንጋደደ ይመስል ቅንድቡን ሰብስቦ ያይሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ለፎርማን ስታዘዝ ኖሬ፣ የልስን መለሰኛዬን ሰቅዬ አረፍኩ ስል አንተ ሌላ አመጣህብኝ። አልከፋኝም። ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይህኛው ይሻላል፤ ሲቆጣ እንኳ አይሳደብም።

ነገሩ የጀመረው ባለቤትህ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው። ያ የደንብ ልብስ መስፊያ ከወሊድ ፈቃዷ በላይ ሊጠብቃት አልቻለም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተደፍታ ስትውል ወተቷ እየነጠፈ ሄደና የቆርቆሮ ወተት ገዛን። ሥርዓቱን ያወጣችው እሷ ናት። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ዱቄቱን በየጡጦው ሰፍራ ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች፣ አጠገቡ ፈልቶ የበረደ ውሃ በፔርሙዝ ታስቀምጣለች። የእኔ ድርሻ ውሃውን መጨመር፣ መበጥበጥና ማጥባት ነው። ጥሩ ሥርዓት ነበር፤ የሚያስፈልገው እንደኔ ያለ ሰው እጁን እንዳያስገባበት ብቻ ነበር።

በእኛ ሥራ ሲቦካ ያላየኸውን ሲሚንቶ አታምንም። መጋዘን ጠባቂው ይቀንሳል፣ የሚያቦካው ይሰለቻል። ስለዚህ አንድ አካፋ ሲሚንቶ ጣል አድርገህበት ነው ወደ ግድግዳው የምታነሣው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል ደግሞ። የባለቤትህ እጅ ለመርፌ የሠለጠነ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ወተት የምትሰፍረው አንዱ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ምንጣፍ ላይ ሆኖ ነው። እኔም እሷ በሩን ዘግታ ስትወርድ ቆርቆሮውን ከፍቼ አንድ መስፈሪያ ጣል ማድረግ ጀመርኩ። ይጥገብ ብዬ ነው። አባቱ በረሃ፣ እናቱ ማሽን ላይ የሆነ ልጅ ቢያንስ ሆዱ ይሙላ ብዬ ነው።

ቆርቆሮው ታዲያ ቶሎ ቶሎ መጉደል ጀመረ። ባለቤትህ ስንት ክንድ ጨርቅ ስንት ሱሪ እንደሚወጣው በዓይኗ የምትለካ ሰው ናት፤ የዱቄቱ ሂሳብ አልገጥም አላት። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። እሷ አልነካችውም። ልጁ ቆርቆሮ መክፈት አይችልም። የቀረው ሻይ የሚወድ አንድ ሽማግሌ ነው። እኔ ሻይ ያለ ወተት ነው የምጠጣው፤ ወተት ከነካኝ ሆዴ ሲጮህ ይውላል። ይህን የምታውቅ እናትህ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ የሚያውቅ የለም። አንተም የምታውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ልጁን አቅፋ ሳለች፣ ቆርቆሮውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና እሱን አየት አድርጋ፣

«የኔ ጌታ፣ ወተትህን ማን ነው የሚጨርስብህ? አንተ እንደሆንክ ይሄን ያህል አልወፈርክ» አለችው።

ትንሽ ቆይቶ ነው እኔን ማለቷ የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ብርጭቆዬን ይዤ ወንበሬን ወደ ልጁ አዞርኩ።

«ፎርማን፣ እኛ ሻያችንን ጥቁሩን ነው የምንጠጣው በላት» አልኩት።

ልጁ ሁለታችንንም እያየ ምራቁን አረፋ ሲያደርግ ቆየ። እንዲህ ነበር የምንነጋገረው። ምራት ለባሏ አባት «ወተት ይሰርቃሉ» አትልም፤ የባልም አባት ምራቱን «ትሰስቻለሽ» አይልም። ነውር ነው። ስለዚህ ያለንን ሁሉ ለልጁ እንነግረዋለን፤ የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

በማግሥቱ ቆርቆሮው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጥቶ አገኘሁት። እጄ እንዳይደርስበት መሆኑ ነው። ጣሪያ ስለስን የኖርኩ ሰው መሆኔን ረስታዋለች። ደግሞም ከፋኝ፤ አልዋሽህም። በገዛ ቤቴ የሕፃን ወተት ተደበቀብኝ። በዚያ ላይ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ይህች ልጅ እየቆጠበች ነው፣ ለልጁ እየቀነሰችበት ነው፣ ቆርቆሮውንም የሰቀለችው እኔ እንዳላይባት ነው አልኩ። አሮጌውን መሰላሌን ከበረንዳ አምጥቼ ወጣሁና በአንዱ መስፈሪያ ላይ ሌላ አንድ ጨመርኩበት።

እሷ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቆርቆሮው ተሰቅሎም መጉደሉን ስታይ «ከጡጦውም ሳይቀንሱበት አይቀሩም» ብላ ጠዋት ስትሰፍር መቆለል ጀምራ ነበር። እሷ ስትቆልል፣ እኔ ስጨምር፣ ቆርቆሮው ሲጎድል፣ እሷ ይበልጥ ስትቆልል ሰነበትን። ሁለታችንም ልጁን ከሌላው እየጠበቅነው ነበር።

ልጁም ማማጥ ጀመረ። ፊቱ ይቀላል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ቡጢውን ይጨብጣል፣ ያምጣል፣ ምንም አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ሕፃን ሁሉ ያምጣል አልን። እውነትም ሕፃን ሁሉ ያምጣል፤ የሚወጣው ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ምንም አይደለም። የእኛው ግን ዳይፐሩ በየቀኑ ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲመጣ ደግሞ ለኮንክሪት የሚሆን ጠጠር ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጡጦ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እኔም ዳይፐሩን፣ ባለቤትህም ዳይፐሩን እናያለን፤ ከዚያ እርስ በርስ እንተያያለን። እሷ «ምን አበሉት?» የምትል ይመስለኛል። እኔም «ምን ያህል ቀነስሽበት?» የምል ሳልመስላት አልቀረሁም።

ፎቁ ሥር ያለውን ፀጉር አስተካካይ ታስታውሰዋለህ፣ ያን ደንበኞቹ ፕሮፌሰር የሚሉትን። የፀጉር መቁረጫው ድምፅ ልጁን ስለሚያስተኛው ከሰዓት በኋላ ይዤው እወርዳለሁ። በዚያ ቀን ግን አልተኛም።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ፊቱ ቲማቲም መሰለ እኮ» አለኝ።

«ሆዱ ደርቋል።»

«እና እስካሁን ለኔ አይነግሩኝም?» ብሎ መቁረጫውን አጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ምክር ቤት ሆነ። ግማሽ ራሱ ብቻ የተቆረጠው ሰውዬ ስኳር በውሃ አለ። ወረፋ የሚጠብቀው ማር ነው አለ። ጋዜጣ የሚያነብበው ጋዜጣውን ሳያወርድ «ዘይት» አለና ንባቡን ቀጠለ። ፕሮፌሰሩ ሁሉንም ሰማና በእጁ ገፋቸው። መሳቢያውን ከፍቶ ሳሙና አወጣና በምላጭ እየጠረበ እንደ እርሳስ ጫፍ አሾለው። እጁ እንዲህ የተባረከ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ አናጢ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«በዚህ ካልወጣለት ሱቄን እዘጋለሁ» አለኝ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ልጆች ያሳደገ ሰው ነኝ እኮ።»

«ሚስትህ ናት ያሳደገቻቸው።»

ሳቁ። ነገር ግን ልጁ እንደገና ማማጥ ሲጀምርና ያ ለቅሶው ሲመጣ ልቤ ወላወለ። «እስቲ አስተኝተን እንየው» አልኩና ወንበሩ ላይ በደረቱ አስተኛሁት። ልክ በዚያ ሰዓት፣ መስፊያው ቤት መብራት ጠፍቶ ቶሎ ተለቅቀው ኖሮ፣ ባለቤትህ በመስተዋቱ ውስጥ ታየችኝ። በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጇ የፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተደፍቷል፤ ፕሮፌሰሩ ሳሙና ይዟል፤ ግማሽ ራስ ያለው ሰውዬ «ቀስ አርገህ» እያለ ይመክራል። እኔ ብሆንም ጥሩ አይመስለኝም ነበር።

 ልጁን አነሣች፣ በነጠላዋ ጠቀለለችውና ወደ ደረጃው ወጣች። እኔ ከኋላዋ እያለከለክሁ ስከተል ለልጁ ስትነግረው ሰማሁ።

«ና የኔ ጌታ፣ ነገ እናቴ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ወተትህን የሚሻማህ የለም።»

ያን ማታ እሷ ቦርሳ አወጣች፣ የልጁን ልብስ አጣጠፈች፣ የራሷንም አጣጠፈች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ወተቱ መታማቴ አልነበረም ያሳሰበኝ። ልጁ ከሄደ ጠዋት ስነሣ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ፣ እናትህም ካረፈች ጀምሮ፣ በዚህ ቤት የሚጮህብኝ እሱ ብቻ ነው። ይህን ላንተ የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ነገሩ ምን ያህል እንደነበረ እንድታውቀው ነው።

ጠዋት ለሠርግህ ያሰፋሁትን ኮት ለበስኩ። ሰው ሲሸኝ በወጉ ነው። ቦርሳውን ልትሰጠኝ አልፈለገችም፤ እኔም አልለቀቅኩም፤ መጨረሻ ላይ እኔ ያዝኩት። ጡጦው፣ ቆርቆሮውና ፔርሙዙ ለመንገድ ብላ በሌላ ፌስታል ነው የያዘቻቸው። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ስንደርስ ልጁ እንደገና ጀመረው። ያሁኑ ግን ለቅሶ አልነበረም፤ ጩኸት ነው። መቀመጫው ላይ አስተኝታ ዳይፐሩን ፈታችው። እንደ ጠጠር ያለ ደረቅ ነገር ነበረ፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር አለው።

«አባባ፣ ደም ነው» አለችኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቴን አይታ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ጤና ጣቢያው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት የምንሄድበትን ከተማ እየጠራ ሲጮህ እኛ በጎኑ አልፈን ሄድን።

የተቀበለችን ሲስተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። መዘነችው፣ ሆዱን በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ቁስሉን አየች። «ያስታውከዋል? ትኩሳትስ ነበረው? ሽንቱን ይሸናል?» እያለች ጠየቀች። ሽንቱ ቀንሷል አልናት። ከዚያ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀች።

«የቆርቆሮ ወተት» አለች ባለቤትህ።

«እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታዘጋጁት?»

«ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ነዋ» አልን ሁለታችንም፣ በአንድ አፍ።

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለችና መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «እስቲ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቤት እንደምታደርጉት አድርጉልኝ። ለኔ ብላችሁ የምታሳምሩት ነገር እንዳይኖር።»

ባለቤትህ ቆርቆሮውን ከፈተች። መስፈሪያውን ሞላች። የሞላችው ግን ሞልቶ አልቆመም፣ ጉብ አለ፤ እሷም አላራገፈችውም። ሌላ ሞላች፣ እሱም ጉብ አለ። ዓይኗን ከጡጦው አላነሣችም። 

«ከዚያስ?» አለች ሲስተሯ።

«ከዚያ እኔ ሥራ እሄዳለሁ። ውሃውን አባባ ናቸው የሚጨምሩት።»

«በሉ አባባ» አለችኝ ሲስተሯ።

ውሃውን ብቻ ጨምሬ ዝም ማለት እችል ነበር። ይህ በአእምሮዬ አላለፈም አልልህም። አንድ እጄን ፔርሙዙ ላይ አሳርፌ ቆሜ ነበር። ከዚያ ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ በዚያ ቅንድቡ ሲያየኝ አየሁት። ፔርሙዙን ትቼ ቆርቆሮውን ሳብኩና አንድ መስፈሪያ ጨመርኩ። ትንሽ ቆም አልኩና ሁለተኛውንም ጨመርኩ። ውሃውን ከዚያ በኋላ አፈሰስኩ።

ባለቤትህ አፏን ይዛ ቀረች።

«እርስዎ... ይጨምሩበት ነበር?»

«አንቺስ ትቆልዪው ነበር?»

«እኔማ በሻይ የሚጠጡት መስሎኝ ነው።»

«እኔም የምትቆጥቢበት መስሎኝ ነው።»

ሲስተሯ ጡጦውን ወሰደች፣ በጠበጠችው፣ ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። በጎኑ ላይ ወፍሮ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁላችንም አየነው።

«ይሄ ወተት አይደለም፣ ሊጥ ነው» አለች። «ልጁ የጠማው ልጅ ነው። ዱቄቱ ሲበዛ ውሃው ያንሰዋል፤ አንጀቱ ያለችውን ውሃ ሁሉ ይመጥጣታል፤ የቀረው ይደርቃል። ድርቀቱ ደግሞ ትንሹ ነገር ነው፤ በዚህ ቢቀጥል ኩላሊቱንም ይጎዳው ነበር።»

እኔ በዚያ ጊዜ የማስበው ስለ ግድግዳ ነበር። ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ለስንቱ ተለማማጅ ጮኬ አስተምሬያለሁ። አንድ አካፋ የሚጨመረው ለጎደለው ነው፤ በሞላው ላይ ከጨመርክ ግድግዳውን ታበላሸዋለህ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ነገር ለልጁ ሲሆን አላወቅሁትም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ነው የምጽፈው።

ሲስተሯ የመከረችን እንዲህ ነው። ውሃው በልኩ ይቀድማል፣ ዱቄቱ ይከተላል። መስፈሪያው በቢላ ጀርባ ተጠርጎ ልክ ይሆናል፤ ጉብታ የለም፣ ጭማሪም የለም። የሚሰፍር ሰው አንድ ይሁን፣ ሁለት ከሆናችሁም ተነጋገሩ አለች። ስኳር የለም፣ ዘይት የለም፤ ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ ነው። የሳሙናውን ነገር ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አንቀሳቅሱለት፣ ሆዱን በቀስታ ዙሪያውን እሹት አለችን። ደሙ ከቆዳው መሰንጠቅ ነው፣ ይድናል፤ ካስታወከው፣ ሆዱ ይበልጥ ካበጠ፣ ወይም ጡጦውን ጨርሶ እምቢ ካለ ግን ቀን ሳትቆጥሩ አምጡት ብላ ሸኘችን።

ስንወጣ አውቶቡሱ ሄዷል። ስለ አውቶቡስ ግን ማናችንም አላነሣንም። እሷ ልጁን፣ እኔ ቦርሳውን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ደረጃው ላይ፣ የፕሮፌሰሩን ሱቅ ካለፍን በኋላ፣ ቆም አለች።

«አባባ፣ ሻይ ያለ ወተት እንደሚጠጡ እኮ አላውቅም ነበር።»

«አልነገርኩሽማ።»

«ለልጁ ነግረውታል» አለችኝ።

በዚያ ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ እሱ ገና ሥራው አላለቀም።

ከአሮጌው የልስን ማስተካከያ እንጨቴ ጫፍ ላይ የጣት ያህል ቆርጬ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሼ፣ አጥቤ አፍልቼ ሰጠኋት። መስፈሪያውን የምትጠርገው በእሱ ነው። ልክ ማድረግ የኖርኩበት ሥራ ነው፤ ከዚህ ወዲያ በወተቱ ላይ ያለኝ ድርሻ እሱ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ወደ ጠረጴዛው ወርዷል። መሰላሉም ወደ በረንዳው ተመልሷል። ጠዋት ስትሰፍር «አባባ፣ ይዩኝ» ትለኛለች፤ እኔም አያለሁ። ልጁን በሳፋ ውስጥ እናጥበዋለን፤ እሷ ሆዱን ስታሽ እኔ እግሩን ይዤ ብስክሌት አስነዳዋለሁ። «ፎርማን፣ ዳገት ነው፣ በርታ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ ደረቅ፣ ቀጥሎ መካከለኛ መጣ። አሁንም ያምጥ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ጠፋ።

እሑድ ነው የተፈታው። ባለቤትህ ዳይፐሩን ስትከፍት እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ብዙ ነበር፣ ለስላሳ ነበር፣ ቢጫ ነበር፤ በደንብ እንደተለወሰ ልስን ነበር። በሥራ ዘመኔ ፎርማኖች ሥራዬን አይተው ደስ ሲላቸው አይቻለሁ፤ እኔ ግን በፎርማን ሥራ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለቅሶ ለቅሶ አለኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በዚያው ስልኩ ጮኸ። አንተ ነህ። እንደ ልማድህ «ሁሉ ሰላም?» አልክ። እሷ «ሰላም» አላለችህም፤ «ወጣለት» አለችህ። የቀረውን ታውቀዋለህ።

የማታውቀውን ደግሞ ልንገርህ። መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ስልኩን አላስቀመጠችም። በአንድ እጇ የልጁን እግር፣ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ ቆየች። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ቶሎ አልጠፋም፤ ተመልሶ ይደውላል ብላ ለአንተ አስቀምጣው ነበር። ልጁን አጸዳሁት፣ አለበስኩት፣ እሷ አሁንም ስልኩን ይዛዋለች። ስልኩ አልጮኸም። በመጨረሻ አልጋው ላይ አኖረችውና «መቼም አባትህ ይሄ ምን ይገባዋል» አለች። ለእኔ አልነበረም፤ ለልጁ ነው የነገረችው።

ያን ጊዜ ነው ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ያሰብኩት። አየህ፣ እኔ ያ ቦርሳ የተሞላው በወተቱ ምክንያት መስሎኝ ነበር። ከወተቱማ ታርቀናል። የልጁን ልብስ በሙሉ አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላዋለች። የራሷ ግን አሁንም ቦርሳው ውስጥ ነው፣ አልጋው ሥር። ጠዋት ከዚያ አውጥታ ትለብሳለች፤ ስታጥበው አጣጥፋ እዚያው ትመልሰዋለች። እኔ አልጠየቅኋትም። ጥያቄው የእኔ አይደለም።

በሌላ ቀን «አባቱስ በሱ ዕድሜ ሆዱ ደርቆ ያውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እናትህ ታውቅ ነበር። እሷ የምታውቀውን ሁሉ ይዛ ሄደች፤ እኔም ሳልጠይቃት ቀረሁ። አንተ የምትጠይቃት ሰው በሕይወት አለች።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ወደ ታንከሩ ውጣ። ለእኔ አትደውል፤ እኔ ደህና ነኝ፤ ሻዬን ጥቁሩን እጠጣለሁ። እሷን አቅርብልኝ በል። «ሁሉ ሰላም?» አትበላት። «ዛሬስ ወጣለት ወይ?» በላት። መልኩን ጠይቃት፣ ወፍራም ነው ቀጭን በላት፣ ምን ያህል እንዳማጠ ጠይቃት። ረጅም ጊዜ ትነግርሃለች፤ ስለ ሙቀቱ አታቋርጣት። መስመሩ ከተቆረጠ መልሰህ ደውል።

አባትህ፣
በፎርማኑ ሥር የቀን ሠራተኛ